ሕጉ ለከያኒው ተሻሻለ ሲባል ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ስለ ቅጂ መብትና ስለ ሕጉ መሻሻል የቀረቡ ጥያቄዎችን መልሰናል። የኢትዮጵያ አዋጆች ዓመት በዓመተ ምሕረት፣ ሌላው ቀንና ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የተጻፈው።

ጥያቄ፦ ቅጂ መብትን የሚያጠብቅ ሕግ በወጣ ቁጥር የሚተች አይጠፋም። የድምፃዊውንና የደራሲውን ላብ የሚሰርቀው ሰው ትንሽ ነው? ሕጉን መንቀፍ ለሌባ ጥብቅና መቆም አይሆንም? (የመጻሕፍት መደብር ባለቤት፣ አዳማ)

መልስ፦ አይሆንም። የሰው ሥራ አባዝቶ የሚሸጥ መቀጣት አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ሌላ ነው። ቅጂ መብት ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ይወረሳል። ስለዚህ ሕግ አውጪው መብቱን ባጠነከረ ቁጥር የሚጠቀመው በዚያ ዕለት መብቱን በእጁ የያዘው ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ወይም ዘፋኙ ሳይሆን ውል ያስፈረመው ድርጅት ነው።

የአሜሪካን የ1998 ማሻሻያ እንመልከት። ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት የነበረውን ጥበቃ 70 አደረገው። በድርጅት ስም ለተሠሩት ደግሞ ከታተሙ በኋላ 75 ዓመት የነበረውን ወደ 95 አሳደገው። ፈጠራን ያበረታታል ተባለ። ነገር ግን አዲሱ ዘመን ቀድሞ ለታተሙ ሥራዎችም ሠራ፤ በ1923 የታተመ መጽሐፍ ለሕዝብ ክፍት የሚሆንበት ቀን ከ1999 ወደ 2019 ተገፋ። ሰባ አምስት ዓመት ያለፈው መጽሐፍ ደግሞ አንዴ ተጽፎ ያለቀ ነው፤ የተጨመረው ዘመን ደራሲውን ዳግመኛ አያስጽፈውም።

በሕይወት ላለው ደራሲስ? ስሌቱ ቀላል ነው። ከ80 ዓመት በኋላ የሚከፈል 1,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ 4 ብር ከ50 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ለእንዲህ ያለ ገንዘብ ብሎ ብዕር የሚያነሣ የለም። ሕጉ በጠቅላይ ፍርድ ቤት በተሞገተ ጊዜ 17 የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ ከእነሱም አምስቱ የኖቤል ተሸላሚዎች፣ ተጨማሪው 20 ዓመት ለአዲስ ደራሲ ገቢ የሚጨምረው ቢበዛ 1 በመቶ ገደማ መሆኑን በጽሑፍ አስረድተዋል። ፍርድ ቤቱ ግን በ2003 በ7 ለ2 ድምፅ ሕጉን አጸና። የተጠቀሙት ከሰባ ዓመት በኋላም የሚሸጥ የቆየ ክምችት የያዙ ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው። ማንም የማያሳትማቸው፣ ባለቤታቸው እንኳ የማይታወቅ ሺህ መጻሕፍትና ፊልሞችም አብረው ተቆለፉ።

አውሮፓ ውስጥ በ2011 የድምፅ ቅጂ ጥበቃ ከ50 ወደ 70 ዓመት ሲራዘም ሁለት ነገር አብሮ ገባ። አንደኛ፣ አንድ ጊዜ ተከፍሏቸው ለሄዱ አጃቢ ሙዚቀኞች ፕሮዲውሰሩ ከተጨማሪዎቹ ዓመታት ገቢ 20 በመቶ እንዲያስቀምጥ ተገደደ። ሁለተኛ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ፕሮዲውሰሩ ቅጂውን ለገበያ ካላቀረበ ሙዚቀኛው ውሉን ማፍረስ ይችላል። ማራዘሙን ከመሠረቱ እንቃወማለን፤ የእንግሊዝ መንግሥት ያስጠናው የጋወርስ ሪፖርትም በ2006 አታራዝሙ ብሎ ነበር። ሁለቱ አንቀጾች ግን ማንኛውም ማሻሻያ ሲቀርብ ምን መፈለግ እንዳለብን ያሳያሉ። መብቱን ለሸጠው ሰው ምን ይመለስለታል? ይህ ካልተጻፈ ማሻሻያው የገዢው ነው።

ጥያቄ፦ አልበሜን ለአሳታሚ «ሙሉ በሙሉ» ሸጬ ነበር። ዛሬ ዘፈኑ በኢንተርኔት ብዙ ይደመጣል፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ግን የለም። የኢትዮጵያ አዋጅ ጠንካራ ነው ይባላል። ታዲያ ለምን አልጠቀመኝም? ቀጣዩን ውልስ እንዴት ላጽፍ? (ድምፃዊት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በእርግጥ ጠንካራ ሆኖ ነው የወጣው። ሆን ብሎ መብት ለሚጥስ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ፤ የሞራል ካሣም ከ100,000 ብር እንዳያንስ አለ። ይህ ሁሉ የተዘጋጀው ካሴትና ሲዲ አባዝቶ መንገድ ላይ ለሚሸጠው ነው። ችግሩ ከያኒው ከአሳታሚው ጋር ሲቀመጥ ነው። አዋጁ ዋጋው ከጊዜ በኋላ ከተገኘው ገቢ ጋር እጅግ ባይመጣጠን ይስተካከል የሚል አንቀጽ የለውም። የእርስዎ አሳታሚ አልሰረቀም፤ ገዝቷል። አዋጁም የገዛውን ይጠብቅለታል።

ውል ከመጻፍዎ በፊት በአንድ ዘፈን ውስጥ ያሉትን መብቶች ይለዩ። ግጥምና ዜማ የደራሲዎቹ ናቸው፤ ጥበቃው እስከ ዕድሜ ልክና ከሞት በኋላ 50 ዓመት ነው። ያዜሙት ድምፅ የከዋኝ መብት ነው፤ የተቀረጸው ማስተር (ዋናው የድምፅ ቅጂ) ደግሞ የፕሮዲውሰሩ፤ ሁለቱም 50 ዓመት ይጠበቃሉ። አሳታሚው ብዙ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ይጠቀልላል። ኢኮኖሚያዊ መብቱን የሸጠ ሰው እንኳ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራ የመጠየቅ መብቱ ከእሱ ጋር ይቀራል። በዲጂታል መደብሮች ላይ የግጥምና የዜማ ደራሲ ስም ተዘሎ ከሆነ ዛሬውኑ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል።

ለቀጣዩ ውል፣ «ሁሉንም መብት» የሚል ቃል ካለ አይፈርሙ። የሚሰጡትን በስሙ ያጽፉ፤ ሲዲ ማባዛት፣ በኢንተርኔት ማሰራጨት፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ማስታወቂያ፣ ፊልም፣ ሪሚክስ። በማስታወቂያና በፊልም መጠቀም በየጊዜው የእርስዎን የጽሑፍ ፈቃድ የሚፈልግ ይሁን፤ አንድ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ የሚመጣው ከዚያ ነውና። ዘመኑን ወስኑ፤ 7 ዓመት ተገቢ ነው፣ 10 ዓመት ረጅም ነው፣ «ለዘላለም» የሚለውን ይሰርዙ። አገሩንም ይጻፉ። ሰሜን አሜሪካን ለብቻው ማስቀረት ከቻሉ ያስቀሩ፤ በውጭ ያለው አድማጭ የሚያስገባው ገቢ ከፍ ያለ ነው።

ቀጥሎ ስሌቱ። «ከትርፍ 30 በመቶ» ከ«ጠቅላላ ገቢ 15 በመቶ» የተሻለ ይመስላል። 400,000 ብር ገብቶ አሳታሚው 300,000 ወጪ አለብኝ ቢል፣ 30 በመቶው 30,000 ብር ነው። ከጠቅላላው 15 በመቶ ግን 60,000 ብር ይሆናል። የወጪውን ደብተር የሚጽፈው አሳታሚው ስለሆነ ከጠቅላላ ገቢ የሚሰላውን ይምረጡ። ከትርፍ ካልሆነ አይሆንም ካሉ፣ የሚቀነሱት ወጪዎች በዝርዝርና በጣሪያ ይቀመጡ።

ሪፖርት በየስድስት ወሩ ይቀርብ። በቃል የሚነገር ድምር አይበቃም፤ ዘፈኑን ለመደብሮች የሚያስገባው አከፋፋይ ለአሳታሚው የሚልከው ሠንጠረዥ ራሱ፣ በአገር፣ በመድረክና በተደመጠበት ብዛት ተለይቶ ለእርስዎም ይላክ። አሳታሚው ሁለት ሪፖርት በተከታታይ ካላቀረበ መብቱ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ እርስዎ ይመለሳል የሚል አንቀጽ ይግባ። እያንዳንዱ ቅጂ አይ.ኤስ.አር.ሲ. የሚባል ባለ12 ፊደልና አኃዝ መለያ አለው፤ ቁጥሮቹን የውሉ አባሪ ያድርጓቸው። አሳታሚ ቀይረው ቅጂውን በሌላ በኩል ሲያስገቡ ያንኑ ቁጥር ካልተጠቀሙ የድሮው የአድማጭ ቁጥር ሊጠፋ፣ ያው ዘፈን ሁለት ሆኖ ሊመዘገብና ገንዘቡም ለሁለት ሊከፋፈል ይችላል።

ከተፈረመው አሮጌ ውል ጋር ደግሞ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱና አንድ ነገር ያስመርምሩ፦ በኢንተርኔት ማሰራጨት በውሉ ውስጥ በግልጽ ተሰጥቷል ወይስ «ካሴትና ሲዲ» ብቻ ነው የሚለው? መብት ማስተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት። ያልተጻፈው እንዳልተሰጠ ለመከራከር በር የሚከፍተው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የሀገራችንን የቆየ ዜማ ራሴ በማሲንቆ ተጫውቼ ዩቲዩብ ላይ ጫንኩ። በማግሥቱ የማላውቀው ድርጅት «የእኔ ነው» ብሎ የማስታወቂያውን ገቢ ወሰደ። ሕግ የጠበቀው እኔን ነው ወይስ እሱን? (ሙዚቀኛ፣ ሲያትል)

መልስ፦ ባለቤቱ የማይታወቅ የቆየ ዜማ የማንም የግል ንብረት አይደለም። እርስዎ የተጫወቱት ቅጂ ግን የእርስዎ ነው። ኮንተንት አይዲ የሚባለው የዩቲዩብ መለያ ሥርዓት ይህን አያውቅም። ድርጅቱ ያስገባውን ናሙና ከእርስዎ ድምፅ ጋር ያነጻጽራል፤ ዜማው ከገጠመ ክሌም (የባለቤትነት ጥያቄ) ይልካል። ስህተቱ የሚጀምረው አንድ አከፋፋይ የሀገረሰብ ዜማ የተጫወተን ዘፋኝ አልበም ሲያስገባ፣ ቅጂውን ብቻ በማስመዝገብ ፈንታ ዜማውንም በብቸኝነት የእኔ ነው ሲል ነው።

ሥርዓቱ ለማን እንደተሠራ ከቁጥሩ ይታያል። ዩቲዩብ ራሱ ባወጣው ሪፖርት በ2021 የመጀመሪያ አጋማሽ ከ722 ሚሊዮን በላይ ክሌም ተልኳል። ተቃውሞ የቀረበበት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ተቃውሞ ከቀረበባቸው ግን 60 በመቶ ያህሉ ቪዲዮውን ለጫነው ሰው ተፈርዷል። ክሌም የመላኪያው መሣሪያ የሚሰጠው ሰፊ ክምችት ላላቸው ድርጅቶች ነው፤ ግለሰብ ቅጽ ሞልቶ ነው የሚያመለክተው። የ1998ቱ የአሜሪካ ዲጂታል ሕግ አቤቱታ ሲደርስ መድረኩ ወዲያው እንዲያነሣ ነው ያስገደደው። ስለዚህ መድረኩ ቢያነሣ አይከሰስም፤ ባያነሣ ግን ሊከሰስ ይችላል። ለማን እንደሚያደላ ከዚህ ይታያል።

እርስዎ የሚያደርጉት ይህ ነው። ዩቲዩብ ስቱዲዮ በሚባለው የቻናልዎ ማስተዳደሪያ ገጽ ውስጥ ከቪዲዮው አጠገብ «ቅጂ መብት» የሚለውን ከፍተው ሁለት ነገር ያንብቡ፤ ክሌሙ ያረፈው በየትኛው ደቂቃ ነው? የተጠየቀው ዜማው ነው ወይስ የድምፅ ቅጂው? ቅጂው ከሆነና የሌላ ሰው ማጀቢያ ተጠቅመው ከሆነ ድርጅቱ ልክ ነው፤ ያንን ክፍል ይቁረጡ ወይም ድምፁን ይተኩ። ሁሉንም ራስዎ ተጫውተው ከሆነ ተቃውሞ ያስገቡ። ክሌሙ በመጣ በ5 ቀን ውስጥ ካስገቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ገቢ ለማንም ሳይከፈል ይያዛል። ከ5 ቀን በኋላ ከሆነ የሚያዘው ከተቃወሙበት ቀን ወዲህ ያለው ብቻ ነው።

የተቃውሞው ጽሑፍ አጭር ይሁን፦ «ዜማው ደራሲው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማ ነው። ቅጂውን እኔ በማሲንቆ ተጫውቼ ቀርጬዋለሁ። የጠያቂው ድርጅት ቅጂ አልተጠቀምኩም።» ቁጣና ልመና አይጨምሩ። ጠያቂው 30 ቀን አለው፤ ዝም ካለ ክሌሙ ይነሣል። እምቢ ካለ ይግባኝ ይበሉ፤ ያን ጊዜ የመልስ ጊዜው 7 ቀን ነው። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ ይግባኙንም ካልተቀበለ ቀጣዩ እርምጃው ቪዲዮው እንዲወርድ ሕጋዊ ጥያቄ ማቅረብ ነው፤ ያ ከተፈጸመ ቻናልዎ ስትራይክ (የጥሰት ማስጠንቀቂያ) ይይዛል። ስትራይክ 90 ቀን ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት ከሆነ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። ለዚህም ሕጋዊ መልስ አለ፤ በጽሑፍ ተቃውሞ ሲያቀርቡ ጠያቂው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ክስ መመሥረቱን ካላሳየ ቪዲዮው ይመለሳል። በዚህ ደረጃ ግን ሙሉ ስምዎና አድራሻዎ ለጠያቂው ይደርሳል፤ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣንንም ተቀብያለሁ ብለው ይፈርማሉ። አድራሻዎ እንዲታወቅ ካልፈለጉ በጠበቃ በኩል ያቅርቡ።

ያልተቆረጠውን የቀረጻ ፋይል አያጥፉ። ሲቃኙ፣ ሲሳሳቱ፣ ሲደግሙ የሚሰማበት ጥሬ ቅጂ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ዜና ድረ ገጽ አለኝ። የአውሮፓ አዲሱ ሕግ ከጀርመን ጋዜጦች ርዕስ ጠቅሼ ማገናኛ እንዳላስቀምጥ ይከለክለኛል? (ፍራንክፈርት)

መልስ፦ ማገናኛ ማስቀመጥ አይከለከልም፤ ነጠላ ቃላትና እጅግ አጭር ቁራጭም እንዲሁ። በ2019 የጸደቀው መመሪያ 15ኛ አንቀጽ ለጋዜጣ አሳታሚዎች የሁለት ዓመት አዲስ መብት ሰጠ፤ የታለመውም እንደ ጉግል ያሉትን ለማስከፈል ነበር። ርዕሱን በራስዎ አማርኛ ጽፈው ማገናኛውን ከሥሩ ያድርጉ። የመግቢያውን አንቀጽ እንዳለ ተርጉመው አያስቀምጡ።

መብቱ ማንን ጠቀመ የሚለው ከአገር አገር ታይቷል። ጀርመን በ2013 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር። ትልቁ አሳታሚ አክሰል ሽፕሪንገር ቁራጭ ጽሑፎቹ እንዳይታዩ ከለከለ፤ ከፍለጋ የሚመጣው አንባቢ ሲያሽቆለቁል በ2014 ለጉግል በነጻ ፈቀደ። ስፔን አሳታሚው ቢፈልግ እንኳ መብቱን መተው እንዳይችል አደረገች፤ ጉግል የዜና አገልግሎቱን በታኅሣሥ 2014 ዘግቶ የተመለሰው በ2022 ነው። በዚያ መሐል የተጎዱት በስማቸው የሚፈልጋቸው አንባቢ የሌላቸው ትንንሽ ጋዜጦች ናቸው። ፈረንሳይ የተሻለ መንገድ ያዘች፤ የውድድር ባለሥልጣኗ ጉግል በቅን ልቦና አልተደራደረም ብሎ በ2021 የ500 ሚሊዮን፣ በ2024 ደግሞ የ250 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለበት። ገንዘብ ያስገኘው የውድድር ሕጉ ክንድ ነው። አዲሱ መብት ብቻውን በነበረበት በጀርመን ያልሆነው ለዚህ ነው።

በማኅበራዊ መድረክ ላይ ለሚጭኑት ደግሞ የጀርመን ሕግ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ጠቃሚ ልክ አስቀምጧል። ለንግድ ካልሆነ ወይም ገቢው እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ፣ እስከ 15 ሰከንድ ቪዲዮ ወይም ድምፅ፣ 160 ፊደላት ጽሑፍ፣ 125 ኪሎባይት ምስል በማሽን ወዲያው መታገድ የለበትም። ይህ የሚሠራው ከዋናው ሥራ ግማሽ ያልሞላ ቁራጭ ከሌላ ይዘት ጋር ተዋህዶ ሲቀርብ ነው። በሚጭኑበት ጊዜ ከታገደብዎ «በሕግ የተፈቀደ አጠቃቀም» ብለው ምልክት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ለምናሰማው ሙዚቃ ክፍያ እንድንፈጽም የጋራ አስተዳደር ማኅበር ይጠይቀናል። ገንዘቡ ለዘፋኞቹ ይደርሳል? (የሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን መንገድ ያመቻቸው የ2007 ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አንድ ዘፋኝ በየሆቴሉ እየዞረ ሊሰበስብ አይችልም። መድረሱን የሚወስነው ግን ከአሰባሰቡ ይልቅ አከፋፈሉ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የተሰጠ እውቅና፣ የጸደቀ የታሪፍ ሠንጠረዥና ደረሰኝ ይጠይቁ። ከከፈሉ በኋላ ደግሞ የተጫወተውን ዝርዝር ይስጡ፤ የዘፈኑ ርዕስ፣ ድምፃዊ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲ፣ ቀን፣ ርዝመት። ዝርዝር በሌለበት ማኅበር በግምት ያከፋፍላል። ግምት ሁልጊዜ ስመ ጥሩን ያስቀድማል፤ በየምሽቱ የሚጫወተው የክልል ድምፃዊ ባዶ እጁን ይቀራል።

አባል የሆናችሁ ከያንያንም አራት ነገር በጉባኤ ጠይቁ፦ ለአስተዳደር የሚቀነሰው ስንት በመቶ ነው? ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ የት ይቀመጣል? በስንት ጊዜ ይከፋፈላል? ድምፅ የሚሰጠው በሰው ነው ወይስ በገቢ መጠን? በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ የተሰበሰበው የሒሳብ ዓመቱ ካለቀ በ9 ወር ውስጥ መከፋፈል አለበት። ለንጽጽር ጥሩ መነሻ ነው።

ባለቤት አልባው ገንዘብ ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ2018 ሕግ የተቋቋመው ሰብሳቢ ተቋም በየካቲት 2021 ከሙዚቃ መድረኮች የተረከበው ባለቤቱ ያልተለየ ገንዘብ 424 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የእኛ ስሞች ለዚህ ችግር የተጋለጡ ናቸው። አንዱ ስም በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት ይጻፋል፤ የአባት ስም አንድ ቦታ የቤተሰብ ስም ሆኖ፣ ሌላ ቦታ ተዘሎ ይመዘገባል። አንድ አጻጻፍ ይምረጡና በፓስፖርት፣ በአከፋፋይና በማኅበሩ ያንኑ ብቻ ይጠቀሙ። የቀሩትን አጻጻፎች «ተለዋጭ ስም» በሚለው ሣጥን ይሙሉ።

ጥያቄ፦ መጽሐፌ አዲስ አበባ ታተመ። አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃዴ ተባዝቶ እንዳይሸጥ ምን ላድርግ? (ደራሲ)

መልስ፦ ይህ ሳይታተም ቢጠየቅ ይሻላል፤ መልሱ ከታተመበት ቀን ጋር የተያያዘ ነው። ኢትዮጵያ አዋጅ 410ን ባወጣችበት ጊዜ የበርን ስምምነት (ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት) አባል አልነበረችም፤ በዚህ ዓይነት አገር ብቻ የታተመ ሥራ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥበቃ ሊያጣ ይችላል። የአሜሪካ ሕግ ግን መውጫ አለው። መጽሐፉ አዲስ አበባ በታተመ በ30 ቀን ውስጥ አሜሪካ ወይም ሌላ የስምምነቱ አባል አገር ከታተመ፣ እዚያም መጀመሪያ እንደታተመ ይቆጠራል። ጥቂት ቅጂ እዚያ አሳትመው ለሽያጭ ያቅርቡና ቀኑ ያለበትን ደረሰኝ ይያዙ። ከዚያ በታተመ በ3 ወር ውስጥ በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ያስመዝግቡ። ይህ ካልሆነና መባዛቱ ከምዝገባው በፊት ከጀመረ፣ ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር የሚደርሰውን ሕጉ የወሰነውን ካሣ መጠየቅ አይችሉም፤ የደረሰብዎን ኪሳራ አንድ በአንድ ማስረዳት ይጠበቅብዎታል።

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር ተማሪ ነኝ። አንድን መጽሐፍ በድምፅ ለማስቀረጽ የአሳታሚ ፈቃድ ያስፈልገኛል? (ጎንደር)

መልስ፦ ኢትዮጵያ የማራኬሽን ስምምነት በ2020 ተቀብላለች። ስምምነቱ ለዓይነ ስውራንና ማንበብ ለሚሳናቸው ተደራሽ ቅጂ ያለ ባለ መብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅ፣ ከአባል አገሮችም እንዲመጣ የሚያስችል ነው። ለራስዎ ሰው ማስነበብ ይችላሉ። በብዛት የሚፈልጉ ከሆነ በዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ማእከል ወይም በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ይጠይቁ፤ ከውጭ ቅጂ ማስመጣትም በተቋም በኩል ይቻላል። ቅጂውን ማየት ለሚችል ጓደኛ ማካፈል ግን አልተፈቀደም። በዚህ ዘርፍ ከወጡት ማሻሻያዎች አንባቢን ፊት ለፊት ያስቀመጠው ይህ ነውና ሊሠራበት ይገባል።

ጥያቄ፦ በመጋቢት 1995 ሎስ አንጀለስ ለነበረ ፕሮዲውሰር የዘፈኖቼን መብት «ለዘላለም» ብዬ ፈርሜያለሁ። ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት ነው? (ድምፃዊና የዜማ ደራሲ፣ ካሊፎርኒያ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ለከያኒው ከወጡት አንቀጾች እጅግ ጠቃሚው ይህ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው አያውቀውም። የአሜሪካ ሕግ አንቀጽ 203 ከ1978 ወዲህ ደራሲው ራሱ የፈረመውን ማስተላለፍ ከ35 ዓመት በኋላ እንዲያቋርጥ ይፈቅድለታል። ውሉ «ለዘላለም» ቢልም፣ «ይህን መብቴን ትቻለሁ» ቢልም ለውጥ የለውም። ኩባንያዎቹ ጥቅሙን ስለሚያውቁ በ1999 መጨረሻ በሳተላይት ቴሌቪዥን ሕግ ውስጥ አንዲት ሐረግ ገብታ የድምፅ ቅጂን «ለቅጥር የተሠራ ሥራ» ከሚባሉት ጋር ደመረችው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ አይቋረጥም። ሐረጓን ያስገባው የምክር ቤቱ ሠራተኛ ከጥቂት ወራት በኋላ በቀረጻ ኩባንያዎች ማኅበር ተቀጠረ። ሙዚቀኞች ተነሥተው በ2000 ተሰረዘች።

የእርስዎ ቀን እንዲህ ይሰላል። ውሉ የተፈረመው መጋቢት 1 ቀን 1995 ከሆነ መስኮቱ መጋቢት 1 ቀን 2030 ይከፈትና አምስት ዓመት ይቆያል። ውሉ የማሳተም መብትንም የሚሰጥ ከሆነ ግን አቆጣጠሩ ይለወጣል፤ ከታተመ 35 ወይም ከተፈረመ 40 ዓመት፣ የቀደመው ይወሰዳል። ማስታወቂያው መብቱ ከሚመለስበት ቀን ቢያንስ 2፣ ቢበዛ 10 ዓመት ቀድሞ መድረስ አለበት። ስለዚህ በመስኮቱ የመጀመሪያ ቀን እንዲመለስ ከፈለጉ የመጨረሻው ቀን የካቲት 28 ቀን 2028 ነው ብለው ይያዙ። ካለፈዎት የመመለሻውን ቀን በመስኮቱ ውስጥ ወደፊት ይግፉት።

በውሉ ላይ «ለቅጥር የተሠራ» የሚል ቃል ካለ ሳይደነግጡ ጠበቃ ያስነብቡ፤ ደሞዝተኛ ካልነበሩ ቃሉ ብቻውን አይበቃም። መመለሱ የሚሠራው በአሜሪካ ውስጥ ላለው መብት ብቻ ነው፤ ለአውሮፓና ለኢትዮጵያ ውሉ እንዳለ ይቀጥላል። ማስታወቂያው የእያንዳንዱን ዘፈን ርዕስ፣ የደራሲውን ስም፣ የተፈረመበትን ቀን፣ መብቱ የሚመለስበትን ቀንና የእርስዎን ፊርማ ይያዝ። ፕሮዲውሰሩ መብቱን ለሌላ ሸጦት ከሆነ ማስታወቂያው ለአሁኑ ባለ መብት ይላክ። ቅጂውን መብቱ ከሚመለስበት ቀን በፊት በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ያስመዝግቡ፤ ሳይመዘገብ ቀኑ ካለፈ ማስታወቂያው አይጸናም።